የካንሰር ታካሚን የሕይወት ጥራት እንዴት እንለካለን? ከመጠይቅ መረጣ እስከ ነጥብ ንባብ

ለሦስተኛ ዙር ኬሞቴራፒ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሐኪሙ ከካርዱ ላይ ቀና ሳይል «እንዴት ነዎት እማማ?» አላቸው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ካርዱ ላይ «ቅሬታ የለም» ተብሎ ተጻፈ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጠይቄን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ባለፈው ሳምንት ሕመም እንደነበራቸው ጠይቄ አራቱን አማራጮች አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን፣ «በጣም» የሚለውን መረጡ። ሌሊቱን ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ነበር የሚያነጉት። ይህን ለሐኪሙ ለምን እንዳልነገሩት ስጠይቃቸው ጥያቄዬ ገረማቸው። «እሱ እኮ ሰላም ነው ያለኝ» አሉኝ።

በእኛ አገር ለ«እንዴት ነዎት» የሚሰጠው መልስ ምስጋና ነው። ማንም ሰው በሰላምታ መሐል የሆዱን አይዘረግፍም። ስለዚህ የታካሚውን ሁኔታ ማወቅ የሚፈልግ ባለሙያ ከሰላምታው በኋላ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ወረቀት ያስፈልገዋል። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ሐኪሞች የታካሚዎቻቸውን ስሜት ታካሚው ራሱ ከሚናገረው አሳንሰው እንደሚመዘግቡ በብዙ አገሮች ታይቷል። ኒውዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል በተካሄደና ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ካንሰራቸው የተሠራጨባቸው 766 ታካሚዎች በዕጣ ተመደቡ። አንደኛው ቡድን 12 የተለመዱ ምልክቶችን በኮምፒውተር ራሱ እየመዘገበ፣ ምልክቱ ሲበረታ ነርሶች ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ሌላው በተለመደው መንገድ ታከመ። ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ መካከለኛ ቁጥር (ሚዲያኑ) ለመጀመሪያው ቡድን 31.2 ወር፣ ለሁለተኛው 26.0 ወር ሆነ። በአምስት ወር ገደማ የሚበልጥ ዕድሜ የተገኘው በመጠየቅና ለመልሱ ፈጥኖ እርምጃ በመውሰድ ነው።

የሕይወት ጥራት የምንለው ታካሚው ራሱ ስለ ሕመሙ፣ ስለ አቅሙና ስለ ኑሮው የሚናገረውን ነው። ይህ መመሪያ ለነርሶች፣ ለሬዚደንት ሐኪሞች እና የመመረቂያ ጥናታቸውን በዚህ ርእስ ለሚሠሩ ተማሪዎች የተጻፈ ነው።

1. ለምን እንደምትለኩ አስቀድማችሁ ወስኑ

ሦስት የተለያዩ ዓላማዎች አሉ፤ ሲቀላቀሉ ሥራው ይበላሻል። አንዱ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው በዚያው ቀን ለመርዳት ነው። ሁለተኛው ለጥናት፣ ማለትም ሁለት ሕክምናዎችን ወይም አንድን ቡድን በተለያየ ጊዜ ለማነጻጸር ነው። ሦስተኛው አንድ ሕክምና ከሚያስወጣው ገንዘብ አንጻር ምን ያህል ጤና እንደሚያስገኝ ለማስላት ነው። ለመጀመሪያው አጭር፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅና መልሱ ወዲያው የሚነበብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ዝርዝርና ከሌሎች አገሮች ውጤት ጋር የሚነጻጸር፣ ለሦስተኛው ደግሞ ወደ አንድ ቁጥር የሚጠቃለል ያስፈልጋል።

ዓላማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ወደ ታካሚው አትሂዱ። በሥቃይ ላይ ያለን ሰው 53 ጥያቄ ጠይቆ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ነውር ነው።

2. መሣሪያውን ምረጡ

በካንሰር ጥናት በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት፣ በምሕጻሩ ኢ.ኦ.አር.ቲ.ሲ.፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኪው.ኤል.ኪው-ሲ30፣ ባጭሩ ሲ30፣ ነው። 30 ጥያቄዎች አሉት። አምስት የአቅም ዘርፎችን ይለካል፦ የአካል፣ የዕለት ሥራ፣ የስሜት፣ የማሰብና የማስታወስ፣ የማኅበራዊ ኑሮ። ሦስት የምልክት ዘርፎችም አሉት፦ ድካም፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ሕመም። በነጠላ ጥያቄ የሚለኩት ስድስት ናቸው፦ ትንፋሽ ማጠር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ እና የገንዘብ ችግር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ታካሚው አጠቃላይ ጤናውንና የሕይወቱን ጥራት ከ1 እስከ 7 እንዲመዝን ያደርጉታል።

በዚህ ላይ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ተጨማሪ መጠይቅ ይታከላል። ለጡት ካንሰር ቢ.አር.23፣ ለማኅፀን በር ካንሰር ሲ.ኤክስ.24፣ በአርሲና በባሌ አካባቢ በብዛት ለሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ደግሞ ኦ.ኢ.ኤስ.18 አለ። በአሜሪካ የተዘጋጀው ፋክት-ጂ የተባለው ባለ 27 ጥያቄ መጠይቅም ጥሩ ነው፤ በእኛ አገር ጥናቶች ግን በብዛት የምታገኙት ሲ30ን ስለሆነ ለማነጻጸር ይበልጥ የሚያመቸው እሱ ነው።

ለዕለት ሥራ ግን ሲ30ን አልመክርም። ዘጠኝ ምልክቶችን ከ0 እስከ 10 የሚያስመዝነው የኤድመንተን የምልክቶች መመዘኛ፣ ኢሳስ፣ ይበቃል። 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነጥብ ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ታካሚው ሳይታይ መውጣት የለበትም። ከአሥራ አንድ ቁጥሮች አንዱን መምረጥ ለከበዳቸው ደግሞ የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ያዘጋጀው ባለ አሥር ጥያቄ መመዘኛ አለ። ሰባቱ ለታካሚው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው ናቸው፤ መልሱ ከ0 እስከ 5 ነው። እኔ የምወደው በእጅ መመለስ ስለሚቻል ነው፦ የተጨበጠ እጅ ዜሮ፣ የተዘረጉ አምስት ጣቶች አምስት። ፊደል ያልቆጠሩ አባት ሦስት ጣት ሲያወጡ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሕመምን በሚጠይቀው ላይ 5 የከፋ ሲሆን፣ የመንፈስ ሰላምን በሚጠይቀው ላይ ግን 5 የተሻለ ነው።

ዓላማችሁ የወጪ ስሌት ከሆነ ኢኪው-5ዲ-5ኤልን ውሰዱ። አምስት ጥያቄዎችና ከ0 እስከ 100 የተከፋፈለ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ መልሶቹን ወደ አንድ ቁጥር የሚቀይር፣ የኢትዮጵያውያንን ምርጫ መሠረት ያደረገ የራሱ የዋጋ ሰንጠረዥም በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሌላ አገር ሰንጠረዥ መበደር አያስፈልግም።

3. ትርጉሙን ራሳችሁ አትሥሩ

ሲ30 በአማርኛ ተተርጉሟል፤ በኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይም ተፈትሿል። ለትምህርታዊ ጥናት ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነፃ ይጠየቃል። ያም ሆኖ በየዓመቱ የእንግሊዝኛውን ወስዶ በአንድ ሌሊት የሚተረጉም ተማሪ አይጠፋም። እንዲህ የተሠራ መጠይቅ ከማንም ውጤት ጋር አይነጻጸርም።

በምትፈልጉት ቋንቋ ከሌለ መንገዱ የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፤ ሁለቱ ተስማምተው አንድ ቅጂ ያወጣሉ፤ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፤ በመጨረሻም በጥቂት ታካሚዎች ላይ እየተነበበ ምን እንደተረዱ ይጠየቃሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ለድርጅቱ ጻፉ፤ ፈቃድ ያስፈልጋል።

4. ቀኑን ቁረጡ

የመጀመሪያው ልኬት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት። እሱ ካመለጠ የተቀረው ሁሉ መነሻ የሌለው ጉዞ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። የሲ30 አብዛኞቹ ጥያቄዎች ስላለፈው አንድ ሳምንት ይጠይቃሉ። ኬሞቴራፒው በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ከሆነና እናንተ የምትጠይቁት ለቀጣዩ ዙር በመጡበት ጠዋት ከሆነ፣ መልሱ የሚነግራችሁ ከ15ኛው እስከ 21ኛው ቀን ስላለው ጊዜ ነው። ይህ ለብዙዎች ከዙሩ የተሻለው ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስመለሱት፣ ከአልጋ ያልተነሡበት ጊዜ በወረቀቱ ላይ አይኖርም። ከዚያም «ማስመለስ ችግር አይደለም» የሚል ድምዳሜ ትጽፋላችሁ። መፍትሔው በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን በስልክ መጠየቅ ነው። ስልክ ካልተቻለ ሁሉንም ታካሚ በዙሩ ተመሳሳይ ቀን ጠይቁና ቀኑን በግልጽ ጻፉ። ከሁሉ የከፋው አንዱን በ3ኛው ቀን፣ ሌላውን በ20ኛው ቀን ጠይቆ አማካይ ማውጣት ነው።

በዕለቱ ደግሞ ታካሚው ሐኪሙ ዘንድ ሳይገባ፣ የምርመራ ውጤት ሳይሰማ ጠይቁ። «አድጓል» የሚለውን የሰማ ሰው ያለፈው ሳምንት ሙሉ ይጨልምበታል።

5. ተቀምጣችሁ ጠይቁ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

መጠይቁ ታካሚው ራሱ አንብቦ እንዲሞላው ነው የተዘጋጀው። ማንበብ የሚችል ሰው ብዕርና ጸጥ ያለ ጥግ ስጡት፤ ከአጠገቡ ራቁ። ማንበብ ለማይችል ታነቡለታላችሁ። ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ፤ አማራጮቹን ሁሉ አንብቡ፤ ድምፃችሁ ወደ አንዱ አያዘንብል። «ብዙም አላመመዎትም አይደል?» ማለት መልሱን ሰጥቶ መጠየቅ ነው።

ሰላምታውን ለይታችሁ ጨርሱት። ስለ ጉዞው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ማደሪያው ጠይቁ፤ «ተመስገን» የሚለው ሁሉ ይባል። ከዚያ «እማማ፣ አሁን የማነበው ሌላ ነገር ነው፤ ትክክልና ስሕተት የሚባል መልስ የለውም፤ ቢያማርሩም ሕክምናዎ አይቀርም» በሉ። የመጨረሻዋን ሐረግ የጨመርኳት ዘግይቼ ነው። ብዙ ሰው ደክሞኛል ካለ መድኃኒቱን ያቋርጡብኛል ብሎ እንደሚፈራ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል።

አስታማሚው ሌላው ፈተና ነው። ልጅየው እናቱ አፍ ሳይከፍቱ «ትበላለች፣ ትተኛለች» ብሎ ይመልሳል። በአክብሮት «የእርስዎንም ሐሳብ በኋላ እጠይቃለሁ» በሉና ሻይ እንዲጠጣ ላኩት። ታካሚው መናገር ካልቻለ የአስታማሚው መልስ ይወሰዳል፤ ያን ጊዜ ግን «በአስታማሚ የተመለሰ» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ከሌላው ጋር አይደባለቅ።

ቤተሰብ የበሽታውን ስም ከታካሚው ሸሽጎ ከሆነስ? ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ደግነቱ በሲ30 ጥያቄዎች ውስጥ «ካንሰር» የሚል ቃል የለም። ስለ አካላዊ ሁኔታና ስለ ሕክምና ነው የሚጠይቁት። እናንተ ግን ራሳችሁን ስታስተዋውቁ፣ በሽፋን ገጹና በፈቃድ መጠየቂያው ላይ ቃሉ ሊያመልጣችሁ ይችላል። የፈቃድ ጽሑፉን አስቀድማችሁ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋር ተነጋገሩበት።

ስለ ምሳሌዎቹ ደግሞ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራን ሲያነሣ ከባድ የገበያ ዕቃ ወይም ሻንጣ መሸከምን ይጠቅሳል። ትኩረትን የሚለካው ጥያቄ ጋዜጣ ማንበብንና ቴሌቪዥን ማየትን ያነሣል። ከወረዳ ለመጡ፣ ሻንጣ ይዘው ለማያውቁ እናት ይህ ምን ይላቸዋል? አንዳንዱ ጠያቂ «እንስራ» ይላል፣ ሌላው «ጄሪካን»፣ ሌላው «የማገዶ ሸክም»። ሦስቱ አንድ ክብደት አይደሉም። የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እንደተጻፈ አነባለሁ፤ ካልገባቸው እደግማለሁ፤ አሁንም ካልገባቸው ቡድናችን አስቀድሞ የተስማማባትን አንዲት ረዳት ዓረፍተ ነገር ብቻ እጠቀማለሁ፤ ከጎኑም ምልክት አደርጋለሁ። ረዳት ዓረፍተ ነገሮቹ በአንድ ገጽ ተጽፈው በሁሉም ጠያቂ እጅ ይኑሩ።

የጡትና የማኅፀን በር መጠይቆች ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ያነሣሉ። ለሴት ታካሚ ሴት ጠያቂ፣ በመጋረጃ ሳይሆን በተዘጋ በር ጠይቁ። መዝለል እንደሚቻል አስቀድማችሁ ተናገሩ። የተዘለለ ጥያቄ ባዶ ይተው፤ «በፍጹም» ብላችሁ ራሳችሁ አትሙሉት።

6. ነጥቡን አስሉ

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የአንድን ዘርፍ ጥያቄዎች አማካይ ታወጣላችሁ፤ ከዚያ ወደ 0–100 ትቀይራላችሁ። ከላይ ያነሣኋቸውን እናት መልሶች እንውሰድ።

መልሶቹ ከ1 («በፍጹም») እስከ 4 («በጣም») ይቆጠራሉ። ሕመም የሚለካው በጥያቄ 9 እና 19 ነው። መልሳቸው 4 እና 3፣ አማካዩ 3.5 ነው። አንድ ቀንሱ፣ 2.5። ለ3 አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ 83.3።

ድካም በጥያቄ 10፣ 12 እና 18 ይለካል። 3 እና 2 መልሰው አንዱን ዘለሉ። ከዘርፉ ጥያቄዎች ቢያንስ ግማሹ ከተመለሰ በተመለሱት አማካይ መሥራት ይቻላል፤ አማካዩ 2.5 ነው፣ ነጥቡ 50። ከግማሽ በታች ከሆነ ዘርፉ ነጥብ የለውም ማለት ነው።

የአካል አቅም ከጥያቄ 1 እስከ 5 ነው። መልሶቹ 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 1፤ አማካዩ 2.2። አንድ ቀንሳችሁ ለ3 ስታካፍሉ 0.4 ይሆናል። የአቅም ዘርፍ ስለሆነ ይህን ከ1 ቀንሱ፣ 0.6፤ ነጥቡ 60።

አጠቃላይ የሕይወት ጥራት በጥያቄ 29 እና 30 ነው። 3 እና 4 ብለዋል፤ አማካዩ 3.5። አንድ ቀንሳችሁ አሁን የምታካፍሉት ለ6 ነው፣ ምክንያቱም መለኪያው እስከ 7 ይሄዳል። ነጥቡ 41.7።

በአቅምና በአጠቃላይ የሕይወት ጥራት ላይ ከፍተኛ ነጥብ ጥሩ ነው፤ በምልክት ላይ ከፍተኛ ነጥብ መጥፎ ነው። ጥያቄ 29 እና 30 ቀድሞውኑ ከፍ ሲሉ ጥሩ ስለሆኑ አይገለበጡም፤ ገልብጠው ጤነኛውን በሽተኛ ያደረጉ ጥናቶችን ገምግሜ አውቃለሁ። ሁሉንም 15 ነጥቦች ደምሮ ለ15 ማካፈልም አይሆንም። አንድ ጠቅላላ ቁጥር ካስፈለገ ምልክቶቹ ከተገለበጡ (ከ100 ከተቀነሱ) በኋላ የ13 ዘርፎች አማካይ ይወሰዳል፤ አጠቃላይ የሕይወት ጥራትና የገንዘብ ችግር አይገቡበትም።

7. ቁጥሩን አንብቡ

በአገራችን የመመረቂያ ጥናቶች ውስጥ የሰፈነ አንድ ልማድ አለ፦ የታካሚዎቹን አማካይ ወስዶ ከዚያ በላይ ያለውን «ጥሩ የሕይወት ጥራት»፣ በታች ያለውን «ዝቅተኛ» ማለት። በዚህ አሠራር ሁሉም ታካሚዎች ተሽሏቸው ቢጨፍሩ እንኳ ግማሽ ያህሉ «ዝቅተኛ» ይሆናሉ፤ ሁሉም አልጋ ላይ ቢውሉም ግማሽ ያህሉ «ጥሩ» ይባላሉ። ይህን ተዉት።

በ2020 እ.ኤ.አ. የታተሙ የሲ30 የችግር ወሰን ነጥቦች አሉ። የአካል አቅም ከ83 በታች፣ ሕመም ከ25 በላይ፣ ድካም ከ39 በላይ ሲሆን ለታካሚው ትርጉም ያለው ችግር እንዳለ ይወሰዳል። የእኚያ እናት 60፣ 83.3 እና 50 ሦስቱንም አልፈዋል፤ ካርዳቸው ላይ ግን «ቅሬታ የለም» ነበር።

ለውጥን ለማንበብ በብዙዎች የሚሠራበት ልማዳዊ መስፈርት ከ5 እስከ 10 ነጥብ ትንሽ፣ ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ትልቅ ለውጥ ይለዋል። ይህ ለቡድን አማካይ ይሠራል። በአንድ ታካሚ ላይ ግን ነጠላ ጥያቄ ሊይዝ የሚችለው 0፣ 33.3፣ 66.7 ወይም 100 ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአንድ እርከን ለውጥ ራሱ 33 ነጥብ ነው። በአንድ ሰው ላይ ቁጥሩን ትታችሁ ቃሉን ተከተሉ፦ «ትንሽ» የነበረው «በጣም» ሆነ?

8. የቀሩትን ቁጠሩ

በስድስተኛው ወር የመጡት ታካሚዎች አማካይ ከመጀመሪያው ቢሻል አትደሰቱ። በጣም የታመሙት አልመጡም። አንዳንዱ አርፏል፣ አንዳንዱ ጸበል ገብቷል፣ አንዳንዱ የመሳፈሪያ አጥቶ አገሩ ቀርቷል፣ አንዳንዱ የጨረር ተራ ሲጠብቅ ሰልችቶት ሄዷል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ በነበረበት አገር የመጨረሻው ምክንያት ቀላል አይደለም። ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ምክንያቱን ጻፉ፤ ከመጀመሪያው ቀን የሁለት ቤተሰብ አባላትን ስልክ ያዙ። ሲተነተንም የቀሩት ሰዎች የመጀመሪያ ነጥብ ከቀጠሉት ጋር ተነጻጽሮ ይቅረብ።

9. ከጎኑ የሚመዘገቡ ሌሎች ውጤቶች

የሕይወት ጥራት ብቻውን አይቆምም። ታካሚው ምን ያህል መንቀሳቀስና ራሱን መርዳት እንደሚችል ከ0 እስከ 5 የሚመዘንበት የኢኮግ የአቅም ደረጃ፣ ክብደት፣ ባለሙያው የሚመዝነው የመድኃኒቱ ጉዳት ደረጃ፣ ሕክምናው የተቋረጠበት ቀንና ምክንያት፣ ታካሚው በሕይወት መኖሩ በየቀጠሮው ይመዝገብ። ኢኮግን የሚሞላው ባለሙያው፣ ሲ30ን የሚሞላው ታካሚው ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቁ እንጂ አንዱን ለማስታረቅ አትቀይሩ።

10. ወረቀቱን ወደ ካርዱ መልሱ

ሐኪሙ 30 መልስ አያነብም። በካርዱ የፊት ገጽ ላይ ሦስት የከፉ ምልክቶችን ብቻ፣ ከባለፈው ጋር አስተያይታችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። የከፋ ነጥብ ሲመጣ ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ የተስማማችሁበት ይሁን።

እኚያ እናት በዚያ ቀን የሞርፊን ሽሮፕ ታዘዘላቸው። በአራተኛው ዙር መጠይቁን ሳነብላቸው ሕመሙ ወደ «ትንሽ» ወርዶ ነበር። ጥያቄ 16 ላይ፣ የሆድ ድርቀት፣ ከ«ትንሽ» ወደ «በጣም» ወጥቶ አገኘሁት። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ሲታዘዝ ግን የሆድ ማለስለሻ አብሮ አልታዘዘም። በካርዱ ላይ «ሆድ ድርቀት 100፣ ባለፈው 33» ብዬ ጻፍኩ፤ ሐኪሙ አይቶ ቢሳኮዲል ጨመረ። በአምስተኛው ዙር ገና ወረቀቱን ስዘረጋ ሳቅ አሉና «የመጀመሪያዎቹን እለፋቸው፤ መሄዱም መሸከሙም እንደነበረ ነው። ያቺን የሆድን ጠይቀኝ» አሉኝ።

ከአንድ ጀምሬ አነበብኩላቸው።